የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ፦ ከእርሻ ቁጥር እስከ ባንክ ሂሳባችሁ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጁላይ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ወደ ማሳው ሮጥኩ። ጎመኑ ወንፊት ሆኗል። አንዱን ቅጠል ቀጥፌ ወደ ብርሃን ሳነሳው ጣቴ በቀዳዳው ያልፋል። ቨርጂኒያ ውስጥ በተከራየሁት ስድስት ኤከር ላይ የደረሰውን ያን ጎመን ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቆች ላስረክብ አራት ቀን ነበር የቀረኝ።

ለእንዲህ ዓይነት ጉዳት ከመንግሥት ጋር ውል ነበረኝ። ገንዘቡን ግን አላገኘሁም። ለቢሮው የደወልኩት በአምስተኛው ቀን ነው። በእጅ ለሚለቀም አትክልት የተፈቀደው 72 ሰዓት ነበር። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ፈርሜበታለሁ፣ አላነበብኩትም።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይሆንበት ብዬ ነው። ከዲሲ ወጣ ብለው ወደ ከልፔፐርና ወደ ኦሬንጅ ካውንቲ መሬት የሚያዩ ወገኖች ይደውሉልኛል። ስለ ማረስ አይጠይቁኝም። አብዛኞቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። የሚጠይቁኝ «መንግሥት ለገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ ለእኛም ይደርሳል ወይ?» እያሉ ነው። ይደርሳል። ግን እዚህ አገር የድጎማ ገንዘብ የወረቀትና የቀን ጉዳይ ነው። ወረቀቱን ቀድማችሁ ካልሠራችሁ የጉዳቱ ቀን ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ድጎማው የፌዴራል መንግሥት ነው። የተጀመረው በ1933፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ሕጉን ኮንግረስ ያወጣል፣ የግብርና ሚኒስቴሩ ዩኤስዲኤ ያስፈጽማል። እናንተን የሚመለከታችሁ ግን በየካውንቲው ያለው ቢሮ ነው። ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ይባላል፣ ገበሬው በአጭሩ ኤፍኤስኤ ይለዋል። በመላው አገሪቱ ከ2,000 በላይ የካውንቲ ቢሮዎች አሉት። ብዙውን ጊዜ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ኤንአርሲኤስ የሚባል ሌላ መሥሪያ ቤት ታገኛላችሁ። የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ የእሱ ነው። ገንዘቡ በሁለቱም በኩል ይመጣል፣ መግቢያው ግን ኤፍኤስኤ ነው።

ዜና ላይ የምትሰሙት ትልቁ ድጎማ በአብዛኛው የሚሄደው ለበቆሎ፣ ለአኩሪ አተር፣ ለስንዴ፣ ለጥጥ፣ ለሩዝና ለኦቾሎኒ ነው። ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። አይዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚዘራው ጤፍም የለም። ይህን ሲሰሙ ተስፋ ቆርጠው የሚተዉ አሉ። መተው የለባቸውም፤ ለእኛ ዓይነት ገበሬ የሚሆኑት ፕሮግራሞች ሌሎች ናቸው። ወደ ታች በሰፊው እመጣባቸዋለሁ።

የካውንቲያችሁን ሁኔታ አስቀድማችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ክፍያው የሕዝብ መረጃ ነው። ኢንቫይሮንመንታል ዎርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት ከ1995 ጀምሮ የተከፈለውን በየካውንቲውና በየፕሮግራሙ ለይቶ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ እዩት። በአካባቢያችሁ ገንዘቡ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚገባ ትረዳላችሁ።

አንደኛ፦ መሬቱን ከመግዛታችሁ ወይም ከመከራየታችሁ በፊት

ብዙ ሰው የሚያልፈው ደረጃ ይህ ነው። ሻጩን ወይም አከራዩን «ኤፍኤስኤ-156ኢዚ አሳየኝ» በሉት። የእርሻው አጭር መዝገብ ነው። የእርሻ ቁጥሩ፣ ስንት ኤከር የሚታረስ እንደሆነ፣ መሬቱ በቀላሉ የሚሸረሸር መባሉና ረግረግ እንዳለበት እዚያ ላይ ታገኛላችሁ። አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው፤ ጥማድ ተኩል ገደማ ብላችሁ አስቡት።

ወረቀቱ ላይ «ቤዝ ኤከር» የሚል ዓምድ አለ። መሬቱ ድሮ በቆሎ ወይም ስንዴ ይዘራበት ስለነበር የተያዘለት መብት ማለት ነው። መብቱ የሚከተለው መሬቱን ነው፤ ስለዚህ ስትገዙ አብሮ ይመጣል።

መሬቱ ሲአርፒ የሚባል የጥበቃ ውል ውስጥ ከሆነም አስቀድማችሁ እወቁ። በሲአርፒ ባለመሬቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት መሬቱን ሳያርስ ሣር ወይም ዛፍ አልብሶ ያስቀምጣል። መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል። እንዲህ ያለ መሬት ስትገዙ ውሉን በ60 ቀን ውስጥ ወደ ስማችሁ ማዞር ትችላላችሁ። ካላዞራችሁት ውሉ ይፈርሳል፤ ሻጩም የተከፈለውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ከሽያጩ በፊት በግልጽ መነጋገር የሚገባችሁ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ውሃ የቋጠረ ዛፍ ያለበት ጥግ አይታችሁ «ይህን አጽድቼ ልዝራበት» ብላችሁ ኤክስካቫተር አትጥሩ። ከዲሴምበር 23 ቀን 1985 በኋላ ረግረግ መሬት አድርቆ ሰብል የዘራ ሰው ከድጎማ ይታገዳል። ቅጣቱ በዚያች ጥግ ብቻ አይቆምም፤ ሌላውም ማሳችሁ ላይ ይደርሳል። አስቀድሞ መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

ተከራይ ከሆናችሁ የቃል ስምምነት አትቀበሉ። አከራዩ ደግ ሰው ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን። የሁለታችሁ ፊርማ፣ የኤከሩ መጠን፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ይኑርበት። ያለዚያ ቢሮው እናንተን የእርሻው አራሽ አድርጎ መመዝገብ ይቸግረዋል።

ሁለተኛ፦ ቀጠሮና ወረቀት

ፋርመርስ ዶት ገቭ በሚለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የካውንቲያችሁን ቢሮ ስልክ ታገኛላችሁ። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። «እርሻ ማስመዝገብና የእርሻ ቁጥር ማውጣት እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ያኔውኑ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅ ወይም ዘመድ ይዞ መሄድም ይቻላል።

የምትይዙት መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባለቤትነት ሰነድ ወይም የኪራይ ውል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ራውቲንግ ቁጥር ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ ግሪን ካርዳችሁን አትርሱ። በዚህ ሕግ የግሪን ካርድ ባለቤት እንደ ውጭ ሰው አይቆጠርም። ሌላ ዓይነት ቪዛ ያለው ሰው ግን ለብዙዎቹ ፕሮግራሞች መሬት፣ ገንዘብና የራሱን ጉልበት ሦስቱንም ማዋጣት አለበት። የእርሻ መሬት ከገዛ ደግሞ ድጎማ ባይጠይቅም በ90 ቀን ውስጥ ለዚሁ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሳያሳውቅ ከቀረ ቅጣቱ እስከ መሬቱ ዋጋ ሩብ ሊደርስ ይችላል።

ስማችሁን በደንብ እዩት። እኛ ስማችን፣ የአባታችን፣ የአያታችን ብለን ነው የምንኖረው። አንዱ ወረቀት ላይ ሦስቱም ተጽፏል፣ ሌላው ላይ አያት የለም፣ ኪራይ ውሉ ላይ ደግሞ «ተስፋዬ» በሌላ ፊደል ተጽፏል። ቢሮው ስማችሁንና ቁጥራችሁን ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ ክፍያው ይቆማል። ሁሉንም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ አድርጉት።

በእቁብ ወይም በጓደኝነት ተሰባስባችሁ በኤልኤልሲ ስም የገዛችሁ ከሆነ ሥራው ይበዛል። የድርጅቱ መመሥረቻ፣ የታክስ ቁጥሩ፣ የእያንዳንዱ አባል ስምና ድርሻ ይጠየቃል። ከአምስት ሰው አንዱ ፎርሙን ካልሞላ ወይም ብቁ ካልሆነ ክፍያው በእሱ ድርሻ ልክ ይቀነሳል። «እሱ ካናዳ ነው፣ በኋላ ይፈርማል» ማለት ከገንዘቡ አንድ አምስተኛውን መተው ነው።

ሦስተኛ፦ ካርታው ፊት ስትቀመጡ

የቢሮዋ ሠራተኛ ከአየር ላይ የተነሳ የማሳችሁን ፎቶ ታወጣለች። ማሳዎቹ በመስመር ተከፋፍለዋል፣ እያንዳንዳቸው ቁጥርና የኤከር መጠን አላቸው፣ እስከ መቶኛ ድረስ። የእኔ ካርታ ላይ 4.37 የሚል ማሳ ነበር። ሙሉውን የሚታረስ ብሎ ይዞታል። ከኋላው ግን ድሮ መንገድ የነበረ፣ አሁን በቁጥቋጦ የተያዘ ወገብ አለ። በጣቴ አሳየኋት። በእስክሪብቶ ከበበችው፣ ጎኑ ላይ ጻፈችበት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ካርታው የቆየ ሊሆን ይችላል። የፈረሰ ጎተራ፣ የተቆፈረ ኩሬ፣ የበቀለ ዛፍ ካለ ተናገሩ። ኋላ ላይ የዘራችሁት ኤከር ከካርታው ጋር ባይገጥም የምትጨነቁት እናንተ ናችሁ። ሲያልቅ የእርሻ ቁጥርና የትራክት (በእርሻው ውስጥ ያለ የመሬት ክፍል) ቁጥር ይሰጣችኋል። የካርታውን ኮፒ ሳትጠይቁ አትውጡ። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ዓመቱን ሙሉ ትጠቀሙበታላችሁ።

አራተኛ፦ የብቁነት ፎርሞች

እነዚህን አንድ ጊዜ በደንብ ከሞላችሁ ነገር ካልተለወጠ በቀር ለአብዛኛው ፕሮግራም ያገለግላሉ። ኤዲ-2047 የእናንተን መረጃ ይይዛል። ኤዲ-1026 ተሸርሻሪ መሬትና ረግረግ እንዳትጎዱ ቃል የምትገቡበት ነው። ሲሲሲ-902 ደግሞ እርሻውን ማን እንደሚሠራ ይጠይቃል፤ መሬቱ የማን፣ መሣሪያው የማን፣ ጉልበቱ የማን። እዚህ ላይ እውነቱን ጻፉ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ በሉ። ሲሲሲ-941 ገቢያችሁ ከጣሪያው በታች መሆኑን የምታረጋግጡበት ነው፤ ይህ ግን በየዓመቱ ይሞላል። ጣሪያው በሦስት ዓመት አማካይ 900,000 ዶላር ስለሆነ አብዛኞቻችንን አያሰጋም፣ ግን ሳይፈረም ገንዘብ አይለቀቅም።

ሲሲሲ-860ን ለብቻው ላንሳው። እርሻ ማስተዳደር ከጀመራችሁ 10 ዓመት ካልሞላችሁ «ጀማሪ ገበሬ» ናችሁ። 60 ዓመት ቢሞላችሁም፣ በወጣትነታችሁ አገር ቤት አራሽ ከነበሩ ወላጆች ጋር ብታድጉም ያው ነው። ይህን ፎርም ስትፈርሙ ናፕ በሚባለው የሰብል ሽፋን (ቀጥዬ እመጣበታለሁ) የምዝገባ ክፍያ ይነሳላችኋል፣ አረቦን በግማሽ ይቀንሳል፣ በኤንአርሲኤስ በኩልም የተሻለ ድርሻ ታገኛላችሁ። ሠራተኛዋ ራሷ ካላነሳችው እናንተ አንሱት።

አምስተኛ፦ የትኛው ፕሮግራም ለእናንተ ይሆናል

ለአትክልት ገበሬ ዋናው ናፕ ነው። በካውንቲያችሁ የሰብል ኢንሹራንስ ለማይሸጥለት ሰብል መንግሥት ራሱ የሚሰጠው ሽፋን ነው። ድርቅ፣ በረዶ፣ ውርጭ፣ ጎርፍ፣ ከመጠን ያለፈ ዝናብ ሰብሉን ሲያበላሸው ይከፍላል። የምዝገባ ክፍያው ለአንድ ሰብል 325 ዶላር ነው፣ በአንድ ካውንቲ ከ825 ዶላር አይበልጥም። ለጀማሪ ገበሬ ነፃ ነው።

ሁለት ደረጃ አለው። ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ከጎመን ማሳችሁ 10,000 ፓውንድ ይጠበቃል እንበል፣ ዋጋው ለስሌት እንዲመች በፓውንድ አንድ ዶላር ይሁን። በረዶ መታው፣ 2,000 ፓውንድ ብቻ ለቀማችሁ።

በመሠረታዊው ደረጃ መንግሥት የሚያረጋግጥላችሁ ከሚጠበቀው ግማሹን፣ 5,000 ፓውንዱን ነው። የጎደለው 3,000 ነው። የሚከፈለው ደግሞ በዋጋው 55 በመቶ ነው። 1,650 ዶላር ይሆናል።

በከፍተኛው ደረጃ 65 በመቶው ይረጋገጣል፣ 6,500 ፓውንድ ማለት ነው። የጎደለው 4,500፣ ክፍያው በሙሉ ዋጋ፣ ስለዚህ 4,500 ዶላር። ለዚህ አረቦን ይጠየቃል፦ ከተረጋገጠው ዋጋ 5.25 በመቶ። በምሳሌያችን 341 ዶላር ገደማ፣ ለጀማሪ ገበሬ ግማሹ 171 ዶላር ያህል። እኔ ብሆን ከፍተኛውን እወስዳለሁ። አሁን የምወስደውም እሱን ነው። በ1,650 ዶላር የአንድ ወቅት ዘርና ጉልበት አይመለስም።

የናፕ ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን በሰብሉና በስቴቱ ይለያያል። ከመዝራታችሁ ወራት አስቀድሞ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑም እንደፈረማችሁ አይጀምርም፣ የ30 ቀን መጠበቂያ አለው። ስለዚህ በክረምት፣ በረዶ መሬት ላይ ሳለ፣ ወደ ቢሮው ሂዱ። የምትዘሩትን ሁሉ ዝርዝር ይዛችሁ የእያንዳንዱን መዝጊያ ቀን አስጽፉ።

ሁለተኛው ለእኛ የሚጠቅመው ኢክዊፕ ነው፣ በኤንአርሲኤስ በኩል። ለምሳሌ ሃይ ተነል የሚባለውን ፕላስቲክ የለበሰ የአትክልት ቤት፣ የጠብታ መስኖ፣ አጥር፣ የከብት ውሃ ለማሠራት የወጪውን ድርሻ ይሸፍናል። ለጀማሪ ገበሬ እስከ 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከክፍያውም ቢያንስ ግማሹን ሥራው ሳይጀመር በቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል። በሃይ ተነል ውስጥ ጎመን ከማርች እስከ ዲሴምበር ድረስ ሲበቅል አይቻለሁ። በሶብላ ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይደርሳል። ጥሩ ገንዘብ ያመጣል።

አንዱ ሕግ ግን ጥብቅ ነው። ውሉ በሁለቱም ወገን ሳይፈረም ሥራ አትጀምሩ። አንድ ወዳጄ ማመልከቻ ካስገባ በኋላ «መፈቀዱ አይቀርም» ብሎ ብረቱን አስመጥቶ አቆመ። ቤቱ አምሮበታል። ገንዘቡን ግን ከኪሱ ነው የከፈለው፣ ምክንያቱም ከውሉ በፊት የተጀመረ ሥራ አይከፈልበትም። ማመልከቻው ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ግን የሚመዘነው በተወሰነ ቀን ተሰብስቦ ነው። ዘንድሮ ካልደረሳችሁ ለሚቀጥለው ይቆያል። ኤንአርሲኤስም ከእናንተ ጋር ውል ለመዋዋል የኤፍኤስኤ መዝገባችሁ የተሟላ መሆን አለበት። ለዚህ ነው አራቱን ደረጃዎች ቀድማችሁ ጨርሱ የምላችሁ።

አርክና ፒኤልሲ የሚባሉት በ2014 ሕግ የመጡ ናቸው። ቤዝ ኤከር ላለው መሬት ናቸው፤ ዋጋ ወይም ገቢ ሲወድቅ ይከፍላሉ። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የአንድ ሰው ጣሪያቸውን ከ125,000 ወደ 155,000 ዶላር አሳድጎታል። ቤዝ ኤከራችሁ ከ10 በታች ከሆነ በመደበኛው ደንብ አይከፈላችሁም፣ ግን የተለየ ሁኔታ የሚታይላቸው ገበሬዎች ስላሉ ጠይቁ። ገንዘቡም ይዘገያል። የ2025 ሰብል ክፍያ የሚመጣው ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ነው። ቤዝ ኤከር ላይ አትክልት የምትዘሩ ከሆነም ክፍያው ሊቀነስ ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በግና ፍየል የምታረቡ ከሆናችሁ ኤልአይፒ በአየር ሁኔታ ለሞቱ እንስሳት፣ ኤልኤፍፒ በድርቅ ለተበላሸ ግጦሽ ይከፍላሉ። ኤልኤፍፒ የሚወሰነው በየሐሙሱ በሚወጣው የድርቅ ካርታ ነው። ስንት እንስሳ እንዳላችሁ የሚያሳይ መዝገብ፣ የገዛችሁበት ደረሰኝ፣ ቀን ያለበት ፎቶ ይኑራችሁ። ካልተቆጠረ በግ ላይ ካሣ አይገኝም።

ስድስተኛ፦ የዘራችሁትን ማስታወቅ

በየዓመቱ የዘራችሁትን ለቢሮው ታሳውቃላችሁ። ፎርሙ ኤፍኤስኤ-578 ይባላል። የትኛው ማሳ ላይ፣ ምን ሰብል፣ ስንት ኤከር፣ በስንት ቀን እንደተዘራ ትናገራላችሁ። በጸደይ ለሚዘራ ለአብዛኛው ሰብል የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው።

ናፕ ላለው ሰብል ግን ተጠንቀቁ። ከመሰብሰባችሁ 15 ቀን በፊት ወይም በመደበኛው ቀን፣ ቀድሞ በመጣው ነው። ጎመናችሁን ጁን 10 መልቀም የምትጀምሩ ከሆነ ጁላይን አትጠብቁ፣ እስከ ሜይ 26 አስታውቁ። ሁለት ጊዜ ከዘራችሁ ሁለቱንም አስታውቁ። እኔ ዘር በጣልኩ ቁጥር ስልኬ ላይ ማሳውን ፎቶ አነሳለሁ። ቀኑ ፎቶው ላይ ስለሚቀር ሌላ ማስታወሻ አያስፈልገኝም።

የሸጣችሁትንም መዝግቡ። ለሱቅ ስታስረክቡ ደረሰኝ ቁረጡ፣ ኮፒውን አስቀሩ። ከመኪና ላይ በጥሬ ገንዘብ ብትሸጡም ቀን፣ ፓውንድና ዋጋ ደብተር ላይ ይጻፍ። በደህናው ዓመት ያስመዘገባችሁት ምርት ነው በክፉው ዓመት የሚጠበቀውን መጠን የሚወስነው። ጉዳት ባይደርስም ምርታችሁን በየዓመቱ አሳውቁ።

ሰባተኛ፦ ጉዳት የደረሰ ቀን

ስልኩን አንሱ። እርሻው ውስጥ ቆማችሁ፣ ጫማችሁ ጭቃ እንደሆነ፣ ደውሉ። በእጅ ለሚለቀም፣ ቶሎ ለሚበላሽ ሰብል 72 ሰዓት ነው ያላችሁ። ለሌላው ሰብል ጉዳቱ ከደረሰ ወይም ከታወቀ ጀምሮ 15 ቀን። የማስታወቂያው ፎርም ሲሲሲ-576 ነው። ቅዳሜ ከሆነ ኢሜይል ላኩ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ደውሉ። ኢሜይሉ ቀኑን ይይዝላችኋል።

ከዚያ ፎቶ አንሱ፦ ከሩቅ ማሳው በሙሉ፣ ከቅርብ ቅጠሉ። ጤነኛ የቀረ ካለ እሱንም። የተበላሸውን አትንቀሉ፣ በማረሻ አትገልብጡ፣ ለከብት አትስጡ። ገምጋሚው መጥቶ ማየት አለበት። መሬቱን ለሌላ ዘር ከፈለጋችሁት በጽሑፍ ፍቃድ ጠይቁ። የእርሻው ሽታ እስኪለወጥ የበሰበሰ ጎመን ማየት ልብ ያደማል፣ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ታገሡ።

ስምንተኛ፦ ገንዘቡ ሲገባ

ክፍያው በቀጥታ ባንክ ሂሳባችሁ ውስጥ ይገባል። ከሰላችሁት ትንሽ ጎድሎ ካያችሁት አትደንግጡ። አርክና ፒኤልሲን በመሳሰሉት ላይ በፌዴራሉ የበጀት ቅነሳ ሕግ 5.7 በመቶ ይነሳል።

ገንዘቡ ታክስ አለበት። በዓመቱ መጀመሪያ 1099-ጂ የሚባል ወረቀት ይመጣላችኋል። ስኬጁል ኤፍ በሚባለው የገበሬ የታክስ ፎርም ላይ የእርሻ ፕሮግራም ክፍያ በሚለው መስመር ይሞላል። የታክስ ሠራተኛችሁ የታክሲና የሱቅ ሥራ ብቻ የለመደ ከሆነ ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጡና የፎርሙን ስም ጥሩለት።

«አይሆንም» ከተባላችሁ

ከቢሮው በወጣችሁ ቁጥር «ሪሲት ፎር ሰርቪስ» ብላችሁ ጠይቁ። የአገልግሎት ደረሰኝ ነው። በየትኛው ቀን እንደመጣችሁ፣ ምን እንደጠየቃችሁ፣ ምን እንደተባላችሁ ይጻፍበታል። ሕጉ የሰጣችሁ መብት ስለሆነ ለመጠየቅ አትፈሩ። ይህ መብት እንዲሁ አልመጣም። የጥቁር ገበሬዎች ለረጅም ዘመን ከእነዚህ ቢሮዎች በራፍ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ፒግፎርድ በሚባለው ክስ በ1999 ስምምነት ተደርሶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተከፍሏል። በ2024 ደግሞ በዩኤስዲኤ የእርሻ ብድር አድልዎ ለደረሰባቸው ከ43,000 በላይ ሰዎች 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰጥቷል። ብዙዎቹ መጠየቃቸውን የሚያሳይ ወረቀት እንኳ በእጃቸው አልነበረም። ደረሰኙን ያዙ።

የእምቢታው ደብዳቤ ሲመጣ ይግባኝ የምትሉበት 30 ቀን አላችሁ። ለካውንቲው ኮሚቴ አቤት ማለት፣ ሽምግልና መጠየቅ፣ ወይም ናሽናል አፒልስ ዲቪዥን ለሚባለው፣ ከኤፍኤስኤ ውጭ ለሆነው አካል መጻፍ ትችላላችሁ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። የሚረዳችሁ ሰው ካስፈለገ የቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለትንንሽ ገበሬዎች የሚሠራ ክፍል አለው። ሜሪላንድ ላይ ያላችሁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢስተርን ሾርን ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «የእርሻ ግራንት አወጣላችኋለሁ፣ 500 ዶላር ላኩ» የሚሉ አሉ። ለኤፍኤስኤ ማመልከት ነፃ ነው። እዚህ ከዘረዘርኳቸው ፕሮግራሞች፣ ከናፕ ምዝገባና አረቦን በቀር የሚጠየቅ ክፍያ የለም፣ እሱም የሚከፈለው ለቢሮው ነው። ለማንም ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን በስልክ አትስጡ።

የኖቬምበሩ ፖስታ

የካውንቲው ኮሚቴ አባላት ገበሬዎች ናቸው፣ የሚመርጧቸውም ገበሬዎች ናቸው። የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ነው። ብዙ ይግባኝ መጀመሪያ የሚታየው እነሱ ፊት ነው። የእርሻ ቁጥር አውጥታችሁ በአንዱ ፕሮግራም ከተሳተፋችሁ፣ አካባቢያችሁ ተራው በደረሰበት ዓመት፣ በኖቬምበር መጀመሪያ የምርጫ ወረቀት በፖስታ ይመጣላችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ መስሎኝ ጥዬዋለሁ። ሁለተኛውን ከፍቼ ምልክት አደረግሁበት፣ ፈረምኩ፣ ፖስታ ቤት ወስጄ አስገባሁት። መመለሻው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። እጩ መሆን የምትፈልጉ ከሆነ ጥቆማው ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ነው፤ ፎርሙ እዚያው ቢሮ ይሰጣችኋል።